ለጋሼ የሚነበብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

ቁንዶዬ፣

አልሞተም። የጠየቅሽኝ እሱን ስለሆነ መልሱን ከሰላምታው አስቀደምኩት። አሁን ሰላምታሽን ተቀበዪ፤ እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ? ጉልበትሽስ?

ባለፈው «ጋሼሽ ትንሽ ድካም ቢጤ አለው» ብዬ የጻፍኩልሽ ድካም አልነበረም፤ ስትሮክ ነው። ነገሩ መስከረም ላይ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት አዳራሹን ወንበሮች ሲደረድር መጀመሪያ የያዘው ወንበር ወደቀ፣ ቀጥሎ ራሱ ወደቀ። ዕድሜ ልኬን አዋላጅ ነርስ ሆኜ፣ የስንቱን ሴት ምጥ ቆሜ አሳልፌ፣ የራሴ ባል መሬት ላይ ሲዘረጋ ግን ስሙን ከመጥራት ሌላ ሥራ ጠፋኝ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

አሁን ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ገብተናል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል። ንግግሩም ተይዟል፤ «አዎ»፣ «ተዪ» እና አንዲት ስድብ ብቻ ናቸው የቀሩት። ስድቧ ጥርት ብላ ነው የምትወጣው። በዚህ ሁሉ የአገልግሎት ዘመን የት ተደብቃ እንደኖረች እግዜር ይወቅ። ማንበብም አልቻለም፤ ወረቀት ሲያይ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ያወናጭፋል። ስለዚህ ደብዳቤዎችሽን የማነብለት እኔ ነኝ። ሰኞ የዕረፍት ቀናችን ስለሆነ፣ ሰኞ ሰኞ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ፖስታሽን ፊቱ እቀድና ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ያኔ ፊቱ በግራ በኩል ይስቃል።

«ወደ አገራችሁ ተመለሱ» ያልሽው ከልብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ ረጅም ጉዞ ከልክሎታል፤ እስከ ግንቦት አታስቡት ብሏል። ቤተ ክርስቲያኗም አልጨከነችብንም፤ ቤቱን ትታልናለች። ጡረታ ወጥተን «የቀረችውን ጉልበት ለእግዚአብሔር» ብለን ለወንጌል ሥራ ባሕር ማዶ የመጣን ሁለት ሽማግሌዎች ነን፤ ጉልበቷም ይኸው በግማሽ ቀረች። ኩሽና ያለው ቧንቧ ይንጠባጠባል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ አሁን ተቀምጦ ጠብታውን ያዳምጣል። ትናንት ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ልጥራ ስለው ያቺን ስድብ ሰማኋት።

ከታች የጻፍኩልሽን ጥቅስ አትዝለዪው።

እትዬሽ

—

ጥቅምት 18

እትዬ፣

እኔ ያንቺን ቋንቋ ከተማርኩ ቆየሁ። «ትንሽ ድካም ቢጤ» ካልሽ አምቡላንስ ተጠርቷል ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ካልሽ ደግሞ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆመሻል። ጥቅሱን ዘልዬዋለሁ። አትቀየሚኝ፤ የምፈልገው ጥቅስ ሳይሆን አንቺን ማንበብ ነው።

ጋሼን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ስድቧን እንዳታስተዪው፤ የቀሩት ቃላት እስኪመለሱ ቤት ትጠብቅለት።

ለምን እንደማልደውል ሳይገርምሽ አይቀርም። ድምፅ የለኝም እትዬ። ሐምሌ ላይ ጉንፋን መስሎኝ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ሹክሹክታ ሆነ፣ አሁን ብደውልልሽ የምትሰሚው የተነፈሰ ጎማ ነው። ልጄ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ ዕጢ አለ። ናሙና ወስደው መረመሩት፤ ክፉው ዓይነት ነው። በጨረር እያከሙኝ ነው። ቀደም ብዬ ልነግርሽ ሳስብ ጋሼ መውደቁን ከቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎች ሰማሁ፤ ሁለት መከራ በአንድ ጊዜ አላሸክማትም ብዬ ቆየሁ። አሁን ግን አንቺ እውነቱን ስትነግሪኝ እኔ መደበቁ ከበደኝ።

ስፌቱን አላቆምኩም። የሚያስቀው ድምፅ የሌለኝ እኔ ሆኜ ሳለ ደንበኞቼ የሚጮሁት እነሱ መሆናቸው ነው። መናገር አልችልም ብዬ በእጄ ሳሳያቸው ደንቆሮ ያደርጉኛል። ትናንት አንዷ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ወገቡን አጥብቢልኝ!» ብላ ስትጮህ መርፌው ከጣቴ ወደቀ። እናታችን «ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ትቀጣሻለች» ትለኝ ነበር፤ ይኸው ተቀጣሁ። አንቺም ይህንኑ እንዳልሽ ቁጠሪው፤ ስታስቢው ይታየኛል።

ቁንዶ

—

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

የኔ ቁንዶ፣

አላሰብኩትም። እንደዚያ የምታስብ እህት የለሽም።

ደብዳቤሽን ቀድሜ አላነበብኩትም። ልማዳችን ነውና ሰኞ እሱ ፊት ቀደድኩት። ስለ ስድቧ ያልሽው ላይ እየተንከተከተ ሳለ ቀጠልኩ፤ ስቀጥል ስቀጥል «ክፉው ዓይነት» የሚለው ላይ ደረስኩ። አፌ ከዓይኔ ቀድሞ «ክፉ» ብሏል። ሳቁ ቆመ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ተተከለ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኘው፣ ክፉ ወሬ እንዳይሰማ ብሎ አስጠንቅቆኛል። «ክፉ ጉንፋን ይዟታል» አልኩት። ከዚያ የቀረውን ገጽ እንዳለ ከራሴ ፈጠርኩ። ስለ አየሩ ጠባይ አወራሁ። አንቺ በሕይወትሽ ስለ አየር ጠባይ ጽፈሽ ታውቂያለሽ? እሱም ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እኔም ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩትና አለቀስኩ።

ዛሬውኑ ብድግ ብዬ ብመጣ ደስ ባለኝ። ግን እኛ የምንላከው ሁለት ሁለት ሆነን ነው፤ አንዱ ሌላውን ትቶ አያድርም። ደንቡ ይቅር እንኳን ብባል ሰውዬውን ማን ላይ እጥለዋለሁ? ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ፣ ሾርባውን በማንኪያ የምሰጠው እኔ። ትን እንዳይለው አገጩን ወደ ታች አድርጌ ነው የማጎርሰው፤ ሌላ ሰው ያንን አያውቅበትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ሁለት ገጽ ጻፊልኝ። አንዱ ለእሱ ጮክ ብዬ የማነበው ይሁን፤ ሌላው እውነተኛው፣ ለእኔ። ውሸት ጻፊ አላልኩሽም። ለእሱ የሚሆነውን ብቻ ለይተሽ ጻፊ ነው ያልኩሽ። በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት መማር አልፈልግም፤ አልችልበትምም።

ጨረሩ ያማል? እውነቱን ንገሪኝ።

እትዬሽ

—

ኅዳር 9

*ለጋሼ የሚነበብ*

ጋሼ፣ ጉንፋኑ ድምፄን ስለወሰደው ዘዴ ፈጥሬያለሁ። ብዙ ጊዜ የምናገራቸውን ዓረፍተ ነገሮች ካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው። ደንበኛ ሲመጣ በመርፌ መያዣዬ እጠቁማለሁ። «ቁሚ»፣ «አትተንፍሺ»፣ «ወፍረሻል»። ከሁሉም በላይ የሠራችው ግን «ነገ ይደርሳል» የምትለዋ ናት። እስካሁን በአፌ ስላት የሚያምነኝ ሰው አልነበረም፤ ተጽፋ ስትሰቀል ግን እንደ ሕግ ሆነች፣ ማንም አይከራከራትም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አይቶ ቀናብኝና ለራሱም አስጻፈ። አሁን መንገዱ ሁሉ ነገ ይደርሳል።

የግቢውን ቧንቧ ከሄዳችሁ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ደህና ነው። በዚህ ግቢ የማያፈስ እሱ ብቻ ነው። ጣራውም፣ እኔም፣ አከራዬም እናፈሳለን። ቶሎ ተነሥና ና፤ እትዬን ብቻዋን እንድትዘምር አትተዋት፤ ድምፅዋን ታውቀዋለህ።

*ለአንቺ*

ያማል። አንገቴ እንደተተኮሰ ጨርቅ ሆኗል። ምራቄን ስውጥ እንባዬ ይመጣል፤ ማልቀሴ አይደለም፣ እንዲሁ ይመጣል። ማታ ማታ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ልታወራኝ ትፈልጋለች፤ እኔ መመለስ ስለማልችል ታፍራለች። ቤቱ ዝም ብሏል እትዬ። እኔ ባለሁበት ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ይኖራል ብሎ የገመተ አልነበረም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ሆን ብዬ ጮክ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ሁለት ገጽ መጻፉን ወድጄዋለሁ። የእሱን ስጽፍ እኔም ጉንፋን የያዘኝ ይመስለኛል።

ቁንዶ

—

ሰኞ፣ ኅዳር 19

ቁንዶዬ፣

ምን አድርገሽ ነው? ጋሼሽ እኮ ተናገረ! ሐሙስ ዕለት እጁን የምታሠራው ሴት ኳሷን ጨብጥ አለችው። ላብ እስኪያጠምቀው ታግሎ አልቻለም። «መቼ ትጨብጥልኛለህ?» ብላ በቀልድ ስትጠይቀው ቀና ብሎ አያትና «ነገ… ይደርሳል» አላት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው! ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው። እኔ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎብኝ ግድግዳውን ያዝኩ። ሴትየዋ ቋንቋችንን ስለማታውቅ ጸሎት መስሏት ራሷን አቀረቀረች።

ስለ እኔ ደግሞ ልንገርሽ። እኔ ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ቋንቋዬን ተምሬዋለሁ ካልሽ ግን ምን ዋጋ አለው።

ብቸኛ ነኝ። ከዚህ ቀደም ሁለት ሆነን በር ስናንኳኳ ቢዘጉብንም ደረጃውን ስንወርድ እየሳቅን ነበር። «ይቺ ደግሞ ሻጭ መስለናታል» ይለኛል። አሁን ብቻዬን ማንኳኳት አይፈቀድልኝም። ታች ብስክሌት የሚጠግነው ሰውዬ ሚስት ጋሼሽ ዘንድ ትንሽ ስትቀመጥልኝ የምናውቃቸውን ሕመምተኞች ጠይቄ እመለሳለሁ። እሑድ በአዳራሹ ወንበሩ ከሰው ይበዛል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ እጄን ይጨብጣሉ፣ እንዴት ነው ይሉኛል፣ ቋንቋቸው በአፌ ስለሚኮላተፍ «ደህና» ብቻ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ «ደህና» ስል ውዬ እመለሳለሁ። ለስንቷ እናት የመጀመሪያ ልጇን ያቀበልኩ ሴት፣ እዚህ ግን በልጅነቴ እንዴት እንደነበርኩ የሚያውቅ፣ እትዬ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው የለም። ማታ እሱ ሲተኛ ደብዳቤሽን አውጥቼ «እትዬ» ያልሽበትን ቦታ አያለሁ።

የበላያችን ለሆነው ሽማግሌ ጽፌያለሁ። ለጥቂት ሳምንት ጋሼሽን የሚይዝልኝ፣ አገልግሎቱንም የሚሸፍንልን ጥንድ እንዲልክ ለመንኩት። ተስፋ አልሰጠኝም፤ አልከለከለኝምም። ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል።

ጥቅሱ ዛሬ አጭር ነው። እባክሽ አንብቢው።

እትዬሽ

—

ታኅሣሥ 20

*ለጋሼ የሚነበብ*

ጋሼ፣ እንኳን አፍህ ተፈታ! እኔ ከመንግሥት ያላገኘሁትን ክብር አንተ ሰጠኸኝ፤ ካርቶኔ ባሕር ተሻግራ አፍ አወጣች። በሚቀጥለው «ወፍረሻል» የምትለዋን ተለማመድና እትዬ ላይ ሞክራት።

*ለአንቺ*

ጨረሩን አቁመውታል። አልሠራም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲነግረኝ እኔን ሳይሆን ልጄን ነበር የሚያየው። በእጄ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጌ ወደኔ እንዲዞር አደረግኩት። ከዚያ ወረቀት ላይ «መቼ?» ብዬ ጻፍኩለት። ክረምቱን አላይም። ምናልባት በልጉን አያለሁ፣ ምናልባትም አላይም።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። እጄ ገና ደህና ሳለ የጋሼን ገጾች አስቀድሜ ልጻፋቸው። አሥራ አምስት፣ ሃያ ያህል። ካርቶን ውስጥ አድርጌ ልላክልሽ፤ አንቺ ሰኞ ሰኞ እያወጣሽ ታነቢለታለሽ። እሱ ጠንክሮ እስኪቆም ያደርሱታል። እኔ ያለሁ እንዲመስለው ነው። ከዚያ ቀስ ብለሽ ትነግሪዋለሽ።

ሌላም አለ፤ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ «በሞቴ» እያልኩ ስንቱን አስደርጌሻለሁ። ያንቺን ጫማ ተጫምቻለሁ፣ ያጠፋሁትን ከእናታችን ሸሽገሽልኛል። ያኔ ቃሉ ርካሽ ነበር። አሁን ተወዷል፤ ስለዚህ አንዴ ብቻ ልጠቀምበት። በሞቴ፣ ነይ። ስብከትም አምጪ፣ ዘምሪም፣ እሰማለሁ። ብቻ ዓይንሽን ሳላይ አልሂድ።

ቁንዶ

—

ሰኞ፣ ጥር 1

አንቺ ልጅ፣

አንድም ገጽ እንዳትጽፊ! ሰማሽኝ? ሞትሽን ካርቶን ውስጥ አሽገሽ በፖስታ አትላኪልኝም። ሰኞ ሰኞ ከሣጥን እያወጣሁ የሄደች እህቴን በሕይወት እንዳለች አድርጌ ላነብለት? አንጀቴ ምን ሊሆን ነው? እሱን አታልዬ ማደር ከእኔ አይሆንም። ከጻፍሽም ቅደጂው። ታላቅሽ ነኝና አዝሻለሁ።

እየመጣሁ ነው። ይኸው አልኩሽ። የበላያችን ጥንድ አግኝቷል፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ባልየው የሆስፒታል ረዳት ነበረ፣ ማጎረሱን ያውቅበታል። ሐሙስ ገብተው ከእኛ ጋር ይሰነብታሉ፣ ጋሼሽም ይለምዳቸዋል፤ ከዚያ ጥር 18 እነሣለሁ። የአውሮፕላኑ ትኬት ተቆርጧል። ለጋሼሽ «ቁንዶ ጉንፋኑ ጠንቶባታልና ልጠይቃት ልሄድ ነው» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ በግራ እጁ ወደ ቁም ሣጥኑ አሳየኝ። የራሱን ሹራብ እንድወስድልሽ ነው። አልጠየቀኝም። የገባው ይመስለኛል፤ የገባው ሰው እንዳይነገረው ሲፈልግ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ።

ጠብቂኝ። ምንም ሥራ የለብሽም፤ መጠበቅ ብቻ። ለመሄድ ደግሞ አትቸኩዪ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ቀድሞ በር ላይ መገኘት ትወጃለሽ።

እትዬሽ

—

ጥር 12

እትዬ፣

ታዝዣለሁ፤ አልጻፍኩም። ጀምሬያቸው የነበሩትን ሁለቱን ልጄ ፊት ቀደድኳቸው። እንደ ሥራ ቆጠርኩት፤ አሁን ትንሹም ሥራ ያደክመኛል።

አልጋዬን ወደ ስፌት ክፍሉ አስመጣሁት። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ግድግዳው ጋ ገፍተን ያንቺን አልጋ ጎኔ አስዘረጋሁ። እንደ ልጅነታችን እጅ ለእጅ የሚያደርስ ነው። ማታ ላይ «ተኝተሻል?» ትይኛለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አስመስዬ አይደለም፣ አትቆጪኝ።

የጽሕፈቴን ነገር እንዳየሽው ነው። ስፌት ማሽኑ ላይ ብጽፈው ይሻል ነበር። ለጋሼ ገጽ የለም ዛሬ፤ አንቺው ስትመለሺ በአፍሽ ትነግሪዋለሽ። ሹራቡን እንዳትረሺ፤ ይበርደኛል።

አንቺን ከማየት በቀር ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ቶሎ።

ቁንዶ

—

ሰኞ፣ ጥር 22

ቁንዶዬ፣ የኔ እናት፣

አልመጣሁም። ልጅሽ በስልክ ነግራሻለች፤ እኔ ግን በራሴ እጅ ልጽፍልሽ ይገባኛል።

ሻንጣዬ በር ላይ ነበር። በዋዜማው ሳል ያዘው፤ ማታ ትኩሳቱ ወጣ፣ ንጋት ላይ መተንፈስ አቃተው። ሳንባው ነው። በስትሮክ የተያዘ ሰው የሚውጠው መንገድ ይስታል፤ ለዚያ ነበር ስንቱን ሾርባ በማንኪያ ጫፍ የምሰጠው፤ ቢሆንም ደረሰ። ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ ዘመድ ካለው ይጠራ አለ። እኔ ነኝ ዘመዱ። ሌላ ማን አለው?

ሰዓቱ ሲደርስ የመጡልን ሰውዬ «እኅቴ፣ እኛ አለንለት፤ እርስዎ ይሂዱ፣ ታክሲው ቆሟል» አሉኝ። ተነሣሁ። ኮቴን ለበስኩ። ጋሼሽ ዓይኑን አልገለጠም፤ ግን የኮቴን እጅጌ በደህናው እጁ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ላስለቅቀው ስል ጣቶቹ ጠነከሩ። ቁንዶ፣ ልሄድ እችል ነበር። ጣት ማስለቀቅ ሥራዬ ነበር፤ ስንቷ ምጥ የያዛት ሴት ክንዴን አድምታው አስለቅቄያለሁ። ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ ያለ እኔ ሄደ።

አሁን ትኩሳቱ በርዷል። ይድናል ይሉኛል። ሲነጋ ሲጠባ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያ አልጋ በዓይኔ ይመጣል፣ ደስታዬን እንደ ሌባ እደብቀዋለሁ። ሐኪሙን ሌላ ትኬት ልቁረጥ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አንድ ሳምንት እንይ አለኝ። ትጠብቂኛለሽ ወይ ብዬ አንቺን መጠየቅ አፈርኩ።

ይቅር በዪኝ። ሹራቡን በፖስታ ልኬዋለሁ።

እትዬ

—

ጥር 30

እትዬ

ተናድጄ ነበር። ሁለት ቀን ግድግዳውን እያየሁ ተናደድኩ። በሦስተኛው ጉልበት አጠረኝና ተውኩት። አንቺ ጣቱን አስለቅቀሽ ብትመጪ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ማታ ግን ጎኔ ተኝተሽ እሱን ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁለት አልጋ አጠገብ መሆን አትችዪም።

ሹራቡ ደረሰ። ሰፊ ነው፤ ላጥብበው ብዬ ወስኜ ነበር፣ ተውኩት። እንዲሁ ለብሼዋለሁ።

ለጋሼ ገጽ ልጽፍ ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። አንቺው የሆነ ነገር በዪው። አፍ አጥተሽ አታውቂም።

ልጄን አደራ። ሌላውን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ሰው በአፉ የሚለውን እኔ መጻፍ ስላለብኝ ይኸው ጻፍኩት፤ ደህና ሁኚ እትዬ። በጣም እወድሻለሁ።

—

ሰኞ፣ የካቲት 20

ቁንዶ፣

ልጅሽ የደወለችው ማክሰኞ ነው። የአዳራሹ ስልክ ሲጮህ ወንበር እያጠፍኩ ነበር። «አክስቴ» ብላ ዝም አለች፤ ሌላ አላስፈለገም። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን። ያንቺ ቤት ዝምታ በጆሮዬ ገባ። ከዚያ ወንበሮቹን አጥፌ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩ አላውቅም፤ ማንም አልጠበቀኝም ነበር።

ጋሼሽ ዓርብ ዕለት ከሆስፒታል ወጣ። ከስቷል፤ ግን በምርኩዝ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይደርሳል። ቃላቱም እየተመለሱ ነው። ሐኪሙ ለብቻ ጠርቶ «ልቡ ደካማ ነው፤ ለጊዜው ሐዘን አታሰሙት» አለኝ። እኔም ጥቁር ሳልለብስ ሰነበትኩ። እሱ ፊት የማላለቅስ፣ ደረጃው ላይ የማለቅስ ሆንኩ። የብስክሌት ጠጋኙ ሚስት ትናንት ደረጃው ላይ አገኘችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠች። በሁለታችን መካከል የጋራ ቋንቋ የለም፤ ግን ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት ራሱ ሄዶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ሸሚዙን ራሱ ቆልፏል፤ አንዷን ዘሏት። እኔ ሰኞ መሆኑን ረስቼ ነበር። ዞር ብሎ «ደብዳቤ?» አለኝ።

«የቁንዶ» አለኝ ደግሞ፤ ስምሽን ጥርት አድርጎ።

የለም ልል እችል ነበር። ዛሬ አልመጣም ማለት ቀላል ነበር፤ እሱም ውሸት አይሆንም ነበር። ፊቱን አየሁት። ተዘጋጅቷል፤ በግራ በኩል ቀድሞ ፈገግ ብሏል። ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። የድሮውን ፖስታሽን አነሣሁ፤ በውስጡ ለእሱ የተጻፈውን ሁሉ ሰምቶታል። ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አወጣሁ፣ አጠፍኩት፣ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት፣ ተመለስኩና ፊቱ ተቀምጬ አወጣሁት። ወረቀቱ ባዶ ነበር ቁንዶ። ያቺን የሣጥን ሐሳብሽን ቅደጂው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ከእነዚያ ገጾች አንዷን ባገኝ ምን በሰጠሁ!

«ጋሼ» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ እንደ ሳል አስመሰልኩት። ከዚያ ግን መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። አከራይሽን ሰደብሽ። የሠፈሩን ሙሽራ ሱሪ አጠበብሽና ሰርጉ ላይ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ እንዲበላ አደረግሽው። እኔንም ነካካሽኝ፤ «እትዬ ስትዘምር የሚያዳምጣት ከሰማይ ቤት ነው፤ ከምድር ሰው ሸሽቷል» አልሽ። ይህን ሁሉ ሳልሰናከል አነበብኩ። የራሴን አፍ ስሰማ አንቺ ነሽ። ጠላሁት፣ ደግሞም እንዳያልቅ ፈለግኩ፤ ስጨርስ ዝም እንደምትዪ ስለማውቅ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አነበብኩ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ፊደል የማይታየኝ መሰለው፤ መነጽሬን አቀበለኝ።

ሳቀ። በሁለቱም በኩል ሳቀ ቁንዶ፤ ቀኙም ተከፈተ። ያንቺን ሥራ እኔ ሠራሁልሽ። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የእኔ ግን ከጠዋት እስከ አሁን አልቀለለኝም። የሚጠይቀኝ ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ፣ አብረን እናለቅስሻለን። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ከዚያ በግራ እጁ ወደ ብዕሩ ጠቆመኝ። መልስ ጻፊላት ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ነገረኝ፣ እኔም እሺ እጽፍላታለሁ አልኩት። ለአንድ ቀን አንድ ውሸት በቅቶኛል፤ እጽፋለሁ ብዬ አለመጻፍ ሁለተኛ ይሆናል። ስለዚህ ነው የማትቀበዪውን ደብዳቤ ተቀምጬ የምጽፈው፤ ይኸው አደረስኩልሽ።

ጋሼሽ ሰላም ብሎሻል። ሹራቡ ላንቺ ይሁን፣ እንዳትመልሺው ብሏል። ናፍቀሽኛል ብሏል። ቶሎ ጻፊልን ብሎሻል።

እትዬሽ